የአባት ስም የሌላቸው ዘንዶዎች

በሰሜን አሜሪካ በኬንታኪ ግዛት፣ በሉዊቪል ከተማ በሚገኘው መካነ አራዊት ውስጥ ቴልማ የምትባል አንዲት ዘንዶ ትኖር ነበር፤ ዕድሜዋ 11 ዓመት፣ ርዝመቷ 6 ሜትር ያህል፣ ክብደቷም 90 ኪሎ ግራም የሚደርስ ሲሆን፣ ወገኗ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደንና ረግረግ ከሚኖረው፣ ጀርባው ዓሣ አጥማጅ መረቡን ያሰጣበት ከሚመስለውና በርዝመት ከእባብ ዘር ሁሉ ቀዳሚ ከሆነው ዘንዶ ነው። በመኖሪያዋም ሉዊዝ ከምትባል ሌላ ሴት ዘንዶ በቀር ጓደኛ አልነበራትም፤ ወደዚያ ስፍራ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ወንድ ዘንዶ አጠገቧ ደርሶ አያውቅም። እንዲህ ሆና ሳለች በ2012 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጁን ወር 61 ዕንቁላል ጣለች፤ ጥላም አልተለየቻቸውም፣ እንደ ዘንዶ እናቶች ሥርዓት ክምሩን በአካሏ ከብባ ተጠመጠመችበት እንጂ።

ጠባቂዎቹ በዕንቁላሎቹ መጣል ብዙም አልተደነቁም። አውራ ያላየች ዶሮ ዕንቁላል እንደምትጥል ሁሉ ወንድ ያልቀረባት እባብም ትጥላለችና፤ የእንዲህ ያለው ዕንቁላል ዕጣም በየመካነ አራዊቱ አንድ ነው፣ ቅርፊቱ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ይጨማደዳል፣ ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ በመጨረሻም ከጉድፍ ጋር ተጠርጎ ይጣላል። የእባቦቹና የመሰሎቻቸው ኃላፊ የነበረው ቢል ማክማሃን ግን ክምሩን ሲመለከት ከመካከሉ አንዳንዶቹ ነጭ፣ ሙሉና ጤነኛ መስለው ስለ ታዩት፣ ልማድ እንዳዘዘው ወደ ቆሻሻ ከመላክ ፈንታ በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ አኖራቸው። በሴፕቴምበርም ስድስት ግልገል ዘንዶዎች፣ ለዚህች ለአንዲት ቀን ሥራ ብቻ በአፋቸው ጫፍ በምትበቅለው ትንሽ ጥርስ ቅርፊቱን ሰንጥቀው፣ ራሳቸውን ብቅ አደረጉ። ስድስቱም ሴቶች ነበሩ።

በእኛ አገር ልጅ ሲወለድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው የአባቱ ስም ነው፤ ስማችን ያለ አባታችን ስም ጎደሎ ነውና፣ ሰው ከአገሩ ርቆ ሄዶ እንኳ «የማን ልጅ ነህ?» ከሚለው ጥያቄ አያመልጥም። የሉዊቪል ሰዎችም በሌላ ቋንቋና በሌላ ምክንያት ይህንኑ ጥያቄ ጠየቁ። እባብ ያለ ወንድ መውለዷ የተገለጠበት ታሪክ፣ ከሥሩ ሲታይ፣ ያልነበረን አባት የመፈለግ ታሪክ ነው፤ ሊቃውንቱም መልሱን ብዙ ዘመን ያላገኙት መሣሪያ አጥተው ብቻ ሳይሆን አባት የግድ ይኖራል ብለው ስለ ተነሡ ነው።

እባብ እንዴት እንደሚወልድ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሲደነቅበት ኖሯል። ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው የእንስሳት መጽሐፍ ስለ እፉኝት ሲናገር፣ እናቲቱ ዘሩን በአፏ እንደምትቀበልና ያን ጊዜውን ባሏን እንደምትገድለው፣ ልጆቿም በተራቸው ሆዷን ቀደው እንደሚወጡ ያትታል። የዚህ ሐሳብ ሥር ለመታወቅ አያስቸግርም፤ ከእፉኝት ወገን የሚበዙት ዕንቁላላቸውን በሆዳቸው አቆይተው ግልገሎቻቸውን ሕያዋን አድርገው ይወልዳሉና፣ የቀደሙት ሰዎች ከእባብ ሆድ ሕያው እባብ ሲወጣ አይተው የቀረውን በምናባቸው ሞሉት። እኔ በዚህ ተረት አልስቅበትም። በውስጡ ቢያንስ አባት አለ፤ ይገደላል እንጂ አይታጣም። የእኛ ዘመን ሊቃውንትም ቢሆኑ የእባብን ልጅ ያለ አባት ለማሰብ ከፊሳልጎስ ጸሐፊ ይልቅ የቀለላቸው አይመስለኝም።

ጥርጣሬው መጀመሪያ ያረፈው በተሰወረ አባት ላይ ነበር፤ ይህም ጥርጣሬ ከንቱ አልነበረም። ሴት እባብ ከወንድ የተቀበለችውን ዘር በማኅፀኗ ቧንቧ እጥፋት ውስጥ ለወራት፣ አልፎ አልፎም ለዓመታት ሳይበላሽ ልታኖረው፣ ከዚያም በፈቀደችው ወራት ልትፀንስበት ትችላለች። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት እንደ ገለጸው፣ ገና ሙሉ ሳታድግ ከዱር ተይዛ ብቻዋን አምስት ዓመት የኖረች አንዲት ጅራተ ቃጭል እፉኝት 19 ግልገሎች ወልዳ፣ ሲመረመሩ አባት እንዳላቸው ታውቋል፤ ያ አባት ምናልባት ሞቶ አፈር ከሆነ በኋላ ልጆቹ ተወለዱ ማለት ነው። እንግዲህ ባለ እባቦቹ ለብዙ ዘመን፣ ብቻዋን የኖረች እባብ በወለደች ቁጥር «ድሮ ያገኘችው ወንድ ይኖራል» ብለው መዝገቡን መዝጋታቸው ሊያስወቅሳቸው አይገባም። መልሱ እውነት ሊሆን የሚችል ነበር። ጉዳቱም እዚያው ላይ ነው፤ እውነት ሊሆን የሚችል መልስ ካለ ማን ይመረምራል?

የመረመሩት ጥቂቶች ነበሩ። በ1997 ጎርደን ሹየት የተባለው አሜሪካዊ የእባብ ሊቅ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ፣ ወንድ ሳያገኙ የወለዱ የተለያዩ እባቦችን ጉዳይ ሰብስቦ አወጣ። የቴልማ ጉዳይ በተነሣ ጊዜ ደግሞ ምርመራው በኦክላሆማ በቱልሳ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ለነበረው ለዶክተር ዋረን ቡዝ ደረሰ። ለምርመራውም የደም ጠብታ መቅዳት፣ መርፌ መውጋት አላስፈለገም፤ እባብ በየጊዜው እንደ ካልሲ ገልብጣ የምትጥለው፣ በእጅ ሲይዙት እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልባስ የሚንኮሻኮሸው ቆዳ ይበቃል። የእናቲቱና የልጆቿ የተጣለ ቆዳ ተሰብስቦ ዲ ኤን ኤው ከውስጡ ወጣና ጎን ለጎን ተነበበ። በልጆቹ ውስጥ ከእናታቸው ያልተገኘ አንዲት ፊደል ስንኳ ብትታይ የተሰወረው አባት በተገለጠ ነበር፤ አልታየችም። ጽሑፉ በ2014 ታትሞ ወጣ፤ በዓለም ረጅሙ እባብ ያለ ወንድ መውለድ እንደሚችልም የዚያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ታወቀ።

ነገሩ እንዴት ይሆናል? ለመረዳት ያህል እያንዳንዱን የሰውነት ሕዋስ አንድ መጽሐፍ በሁለት ቅጂ ያለበት ዕቃ ቤት አድርገን እንየው፤ አንደኛው ቅጂ ከእናት፣ ሁለተኛው ከአባት የመጣ ነው። ሁለቱ ቅጂዎች በምንባብ አንድ ሲሆኑ እዚህም እዚያም በአንዳንድ ቃል ይለያያሉ፤ በአንዱ ላይ ጸሐፊው የዘለለው መስመር ቢኖር ሌላው ይሞላዋል። ዕንቁላል በሚበጅበት ጊዜ ግን ሁለቱ ቅጂዎች አስቀድመው ይባዛሉ፣ ቅጠሎቻቸውንም ይለዋወጣሉ፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ ተከታትለው ይከፈላሉ፤ በመጨረሻ አራት ነጠላ ቅጂዎች ሊተርፉ ሲገባ ሲሳዩ ሁሉ ለአንዱ ይሰጥና እርሱ ዕንቁላል ይሆናል፣ የቀሩት ድንክ ሕዋሳት በዳር ቀርተው ይጠፋሉ። ነጠላው ዕንቁላልም ሁለተኛውን ቅጂ ከወንዱ ዘር ይጠብቃል።

በቴልማ ማኅፀን የሆነው ይህ ነው፤ በሁለተኛው ክፍያ ከዕንቁላሉ የተለየችው፣ ልትጠፋ የተፈረደባት ድንክ እኅቱ፣ ወደ ዕንቁላሉ ተመልሳ ገባችና የወንዱን ዘር ስፍራ ያዘች። ዕንቁላሉ ሁለት ቅጂ አገኘ፤ ሆኖም ሁለቱ ቅጂዎች ከአንድ ብራና የተገለበጡ በመሆናቸው ከጥቂት ስፍራ በቀር አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ የዚህ ዓይነቷ ልጅ የእናቷ ትክክለኛ ግልባጭ አይደለችም፤ እናቷ በሁለት ዓይነት ንባብ የያዘችውን ቃል እርሷ በአንድ ዓይነት ብቻ ደግማ የያዘች ናት። የተዘለለ መስመር ካለባት የሚሞላላት ሌላ ቅጂ የለም፣ በእናቷ ዘንድ ተሸሽጎ የኖረው ጉድለት ሁሉ በእርሷ ላይ ይገለጣል። ከ61 ዕንቁላል ስድስት ብቻ መፈልፈላቸውም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። (በሁሉም ዘንድ መንገዱ አንድ ነው ማለት ግን አይቻልም፤ በአምስተርዳም መካነ አራዊት በኖረች በሌላ ወገን ዘንዶ ላይ ተደርጎ በ2003 የታተመው ምርመራ ሽሎቹ ፍጹም የእናታቸው ግልባጭ ሆነው እንደ ተገኙ ያስረዳል።)

በአገራችን አባቱ ያልታወቀ ሕፃን በእናቱ አባት ስም መጠራቱ የተለመደ ነው። የቴልማ ልጆች በእኛ ደብር ክርስትና መዝገብ ላይ ቢጻፉ ኖሮ እንደዚሁ በአያታቸው ስም በገቡ ነበር፤ ጸሐፊውም ሳያውቀው ከሳይንሱ ጋር በተስማማ ነበር፣ በእነዚያ ስድስት ግልገሎች ውስጥ ያለው የወንድ ድርሻ ሁሉ የቴልማ አባት ብቻ ነውና።

ጋዜጦች ይህን የመሰለውን ነገር ሲያወሩ «የድንግል ልደት» ይሉታል። ለዚህ ስያሜ ሥር የሆነው ቃል ፓርቴኖጄኔሲስ ሲሆን፣ ድንግልና ልደት ከሚሉ ሁለት የጽርእ ቃላት የተገጠመ፣ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦወን በ1849 በሳይንስ ትርጉሙ ያቆመው ነው። እኔ ግን ወደ አማርኛ ሲመለስ ደስ አይለኝም። «ዘእንበለ ዘርዐ ብእሲ» የሚለው የቤተ ክርስቲያናችን ቃል ለአንድ ምሥጢር ብቻ ተለይቶ የተቀመጠ ነው፤ የዘንዶን ዕንቁላል በዚያ ማዕርግ መጥራት ለምሥጢሩም ለዘንዶዋም አይስማማም። ከዚህም ሌላ ስያሜው በግብሩም ስሕተት አለበት፣ እንዲህ ከሚወልዱት እባቦች አንዳንዶቹ ድንግል አይደሉምና። ቡዝ ቀድሞ በ2010 ያሳወቃት አንዲት የቦአ ዘንዶ በሁለት ወሊድ 22 አባት የለሽ ሴት ልጆች ወልዳ ነበር፤ ይህች እናት ቀደም ብላ ከወንድ ጋር ተገናኝታ እንደ ማንኛዋም እናት የወለደች ናት። 22ቱም ልጆች የእናታቸውን የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ብርቅ ቀለም ወርሰዋል፤ ይህ ቀለም ከእናትም ከአባትም ካልመጣ በቀር የማይገለጥ በመሆኑ ነገሩን በዓይን ብቻ እንኳ አጠራጣሪ አድርጎት ነበር።

የእነዚህ 22 ልጆች ነገር ሌላም ስሕተት አስከትሏል፤ እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ክፍል ነው። ፆታን የሚወስኑት ክሮሞሶሞች በእንስሳት ዘንድ በሁለት ሥርዓት ይሠራሉ። በእኛና በሚያጠቡ እንስሳት ሴቲቱ ሁለት ኤክስ፣ ወንዱ ኤክስና ዋይ ይይዛል፤ በአዕዋፍ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ወንዱ ሁለት ዜድ፣ ሴቲቱ ዜድና ደብልዩ ትይዛለች። እባብ ሁሉ ከአዕዋፍ ሥርዓት ነው ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲታመን ኖረ። በዚህ ሥርዓት የእናቲቱ ዕንቁላል በራሱ ሲጠና ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ ሁለት ዜድ ይዞ ወንድ ይወለዳል፣ ወይም ሁለት ደብልዩ ይዞ ሊኖር የማይችል ሽል ይሆናል። እንግዲህ የቦአዋ 22 ሴት ልጆች ከየት መጡ? ሁለት ደብልዩ ይዘው በሕይወት የኖሩ ናቸው ተባለና የተፈጥሮ ታላቅ ተአምር ሆኖ ተጻፈ።

ተአምሩ ሰባት ዓመት አልዘለቀም። በ2017 ቶኒ ጋምብልና ባልንጀሮቹ የቦአንና የቴልማ ወገን የሆነውን የፓይተንን ዘንዶ ክሮሞሶም በአዲስ ዘዴ መርምረው፣ እነዚህ ሁለቱ ከቀሩት እባቦች ተለይተው በእኛ ሥርዓት፣ በኤክስና በዋይ የሚሄዱ መሆናቸውን አሳዩ። እናቲቱ ሁለት ኤክስ ከያዘች፣ ያለ አባት የምትወልዳቸው ሁሉ ሁለት ኤክስ ይይዛሉ፣ ሴት ከመሆን በቀርም ሌላ ምርጫ የላቸውም፤ ደብልዩ የሚባል ነገር ከመጀመሪያው አልነበረም። የዚህ አፍራሽ ጽሑፍ ደራስያን ስም ሲነበብ በመጨረሻው የሰፈረው ስም ዋረን ቡዝ ነው። ሰው የራሱን ግኝት በገዛ እጁ ሲያርም ማየት በማናቸውም የዕውቀት ዘርፍ ብርቅ ስለ ሆነ፣ ለዚህ ሰው ያለኝን አክብሮት ሳልሸሽግ አልፋለሁ። ከዚህም በኋላ ለረጅም ጊዜ የተደናገረው ነገር ጠራ፤ ዘንዶዎቹ ያለ አባት ሴት ብቻ የሚወልዱት፣ ጅራተ ቃጭልና መሰሎቿ ግን ወንድ ብቻ የሚወልዱት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ የእስር ቤት ጠባይ ነው፣ በሣጥን የተዘጋች እንስሳ ጭንቀት የወለደው ነው የሚሉ ነበሩ። እነርሱም በ2012 ተረቱ። ቡዝና ባልንጀሮቹ ከኮነቲከት ዱር ኮፐርኸድ የምትባለውን መዳብ ራስ እፉኝት፣ ከጆርጂያ ረግረግም ኮተንማውዝ የምትባለውን የእርሷን ዘመድ፣ ያረገዙትን እየያዙ ሲወልዱ ጠብቀው፣ ከ22 የኮፐርኸድ ወሊዶች አንዱ፣ ከ37 የኮተንማውዝ ወሊዶችም አንዱ አባት የለሽ ሆኖ አገኙት። ወንድ በማይታጣበት ዱር ነው ይህ የሆነው። ለምን? ምክንያቱ አልተነገረም፤ እናቶቹም አይናገሩም።

በመካነ አራዊቱ በኩል ግን ዜናው ከዚያ ወዲህ አልቆመም። በቦስተን የባሕር እንስሳት ማኖሪያ ወንድ አግኝታ የማታውቅ አና የተባለች አናኮንዳ በ2019 መጀመሪያ 18 ግልገሎች ወልዳ ከእነዚህ ሁለት ተርፈውላታል፤ በሴንት ሉዊስ ከ1961 ጀምሮ የኖረችና ዕድሜዋ ከ60 ዓመት ያለፈ ኳስ ዘንዶ፣ በሰው ቢሆን የልጅ ልጅ ማሳደጊያዋ በሆነ ዘመን፣ በ2020 ሰባት ዕንቁላል ጥላለች። በእንግሊዝ አገር በፖርትስመዝ ከተማ ኮሌጅ የሆነው ደግሞ የሚያስቅ ነው። እዚያ የሚኖር አንድ የብራዚል ቀስተ ደመና ቦአ ወንድ ነው ተብሎ በእግር ኳስ ተጫዋቹ ስም ሮናልዶ ተብሎ ኖሮ፣ በ2024 በ13 ዓመቱ 14 ግልገሎች ወለደ። በዚህ ጊዜ የተሳተው አባቱ ብቻ አልነበረም።

እስከዚህ የተነገረላቸው እናቶች ሁሉ በሁለቱም መንገድ መውለድ የሚችሉ ናቸው። ይህ ኃይል ለነፍሳት ጥንታዊ ነው፤ የጄኔቫው ሻርል ቦኔ በ1740፣ ገና 20 ዓመቱ ሳለ፣ አንዲት የቅጠል ቅማል እንደ ተወለደች ከሌሎቹ ለይቶ በብርጭቆ ሥር ዘግቶ፣ ከንጋት እስከ ሌሊት በማጉያ መነጽር ሲጠብቃት፣ ያለ ወንድ የወለደቻቸውን አንድ በአንድ ቆጥሮ 95 አድርሷል። ለሚያጠቡት እንስሳት ግን በሩ ዝግ ነው፤ በውስጣችን አንዳንዱ ጂን ከእናት ሲመጣ ብቻ፣ አንዳንዱም ከአባት ሲመጣ ብቻ የሚሠራ ሆኖ ታትሟልና፣ አባት ባይኖር ፅንሱ አይፈጸምም።

ከእባብ ወገን አንዲቷ ግን አባትን ፈጽማ ትታዋለች። እርሷም ዕውሯ እባብ ናት፤ በሳይንስ ስሟ ኢንዶቲፍሎፕስ ብራሚነስ ትባላለች። ላዩን ያያት ሰው እባብ ነች አይልም፤ ከጣት ብዙ የማትረዝም፣ ከእርሳስ የምትቀጥን፣ ጥቁርና ብሩህ፣ ራሷና ጅራቷ የማይለይ፣ ዓይኗ ከቅርፊቷ በታች እንደ ነጥብ የተቀበረ፣ በአፈር ውስጥ የጉንዳንና የምስጥ ዕንቁላልና ዕጭ እየለቀመች የምትኖር ትል መሳይ ናት። በሕዋሷ ውስጥ ያለው የመጽሐፉ ቅጂ እንደ ሌሎቹ ሁለት አይደለም፣ ሦስት ነው፤ ሁሉም ሴት ናቸው፣ ሁሉም ይወልዳሉ። ሮናልድ ኑስባውም የተባለው ሊቅ በ1980 የሲሸልስን ደሴቶች ዕውር እባቦች መርምሮ ስለዚህ ጠባያቸው ተጨማሪ ማስረጃ አቅርቧል።

ትውልድ አገሯ ደቡብ እስያ ነው ይባላል፤ አሁን ግን ከአንታርክቲካ በቀር በየክፍለ ዓለሙ ትገኛለች። የምትጓዝበት መርከብ የአበባ ማሰሮ ነው። ሌላ የምድር እባብ ያልለመደባት የሃዋይ ደሴት እንኳ ከዚህች ትንሽ ፍጡር አላመለጠችም፤ ከባሕር ማዶ በመጣ ተክል ሥር፣ በእርጥቡ አፈር ውስጥ ተጠቅልላ ገባች። አትክልተኛው ማሰሮውን ገልብጦ ሥሩን ሲያራግፍ አንዲት ጥቁር ክር የመሰለች ነገር ብልጭ ትልና ወደ ጨለማው ጭቃ ትሰምጣለች፤ እርሱም ትል ናት ብሎ አፈሩን መልሶ ይሞላል፣ ተክሉን ያጠጣል፣ ደጅ ላይ ያኖረዋል። ማሰሮው ሲሸጥ እርሷም አብራ ትሸጣለች፤ ሌላ ማንንም ይዛ መሄድ አያስፈልጋትም።